ይረፉና ይመለሱ

በሩ ጨዋ ነበር። ማንንም አይገፋም፣ ማንንም አያመናጭቅም፤ ፊቱ የቆመውን ሰው ዓይን ለአፍታ ይለካና የዓይኑ ቆብ ከመስመሩ በታች ወርዶ ካገኘው ቁጣ በማታውቅ ሴት ድምፅ «ይረፉና ይመለሱ» ይላል። ወይዘሮ ሀሴት ይመር በዚያ ክረምት ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማችው መቁጠር ትታለች። አርፋም መጥታ ነበር። ጠግባ ተኝታ፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ፣ ባዶ ሆዷን እንዳትመስል በልታ መጥታ ነበር። አንዴማ የዓይኗን ቆብ በሁለት ጣቷ ወደ ቅንድቧ ወጥራ ቆማ ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ ስቀውባታል። በሩ ግን አይታለልም፤ ጣቷን ከፊቷ ላይ እንድታነሳ በትህትና ለመናትና መልሶ ያንኑ አላት።

ከበሩ ወዲያ አባቷ ናቸው። አቶ ይመር፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል። ጆሯቸው ስለደከመ የስልክ ድምፅ አይሰሙም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ እጃቸውን ይዞ፣ በግራ ጆሯቸው በኩል ጮክ ማለት ያስፈልጋል። ይህን የምታደርገው ታላቂቱ ልጃቸው መክሊት ናት። መክሊት የእናቷን ዓይን ነው የወሰደችው፤ ጎላ ያለ፣ በሩ ገና ከሩቅ አይቶ የሚከፈትለት። ሀሴት የአባቷን ወሰደች። የይመር ቤት ዓይን ቆቡ ከባድ ነው። ሰውየው በአስተማሪነታቸው ዘመን ተማሪዎቹ መምህሩ አንቀላፉ ብለው መኮራረጅ ሲጀምሩ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ የኮራጁን ስም ይጠሩና «የተኛው ቆቤ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይሉ ነበር። ሀሴት ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው፤ በራሷም ዓይን አፍራ አታውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሾፌር ነው። ዓይኑ የከበደ ሾፌር መኪናው አልነሳ ሲለው አገሩ ሁሉ አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡም ልክ ነበር። ከዚያ ይህ ዓይን የሚለካ ቆጣሪ ወደ ባንክ ገባ፣ ከባንክ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ወፍጮ ቤት። በመጨረሻ ያልነቃ ሰው ከታማሚ አጠገብ ምን ይሠራል ተባለና የመጠየቂያ በሮች ላይ ተተከለ። መስመሩ ደግሞ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሽቅብ ይላል። ለምን ሽቅብ እንደሚል የሚያውቅ ሰው ሀሴት ገጥሟት አያውቅም፤ የሚጠይቅ ሰውም እንዲሁ።

የከተማው ሰው ባብዛኛው ቆቡን በቀዶ ጥገና አስነስቶ ተከፍቷል። አነጋገሩ እንዲያ ነው፤ እገሌ ተከፈተ፣ እገሊት ተከፈተች። ልጃገረድ ከመዳሯ በፊት ትከፈታለች፣ ጎልማሳ ሥራ ከመቀየሩ በፊት ይከፈታል። ተከፈተች ሲሉ ተከፋች የሰማ መስሎ መቀለድ ድሮ ያስቅ ነበር፤ አሁን ቀልዱ አርጅቷል። ገበያ የወጣ ሰው የሚያየው እጅብ ያለ የነቃ ፊት ነው፤ የደላውም የቸገረውም፣ ከሠርግ የመጣውም ከችሎት የመጣውም፣ አሁን የተጠራ ያህል ዓይኑን አፍጥጦ ይሄዳል። ሀሴት ቤቷ ቁጭ ብላ የቀሚስ ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት ስለሆነች ቆጣሪ ካለበት ደጅ የሚያደርሳት ጉዳይ አልነበራትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። አባቷ እዚያ ባይገቡ ኖሮ ከነቆቧ ትቀበር ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የማረፊያው ሐኪም መክሊትን ጠርቶ ልባቸው እየደከመ መሆኑን ነገራት። መስቀልን ያያሉ ብሎ አያስብም። መክሊት ይህን ለእህቷ ስትነግራት አንድ ነገር አክላ ነበር፤ አባታቸው በሄደች ቁጥር ከኋላዋ ያለውን በር እያዩ «ሀሴትስ?» ይሏታል። ሀሴት ያን ዕለት ጥልፏን አስቀምጣ ለመከፈት ቀጠሮ ያዘች። ቆቧ እስኪሽር ሳምንታት እንደሚፈጅ ታውቃለች። ቆቧና አባቷ እሽቅድምድም ላይ ነበሩ።

በክሊኒኩ አዳራሽ የዕለቱ ተረኞች በአግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ አስታማሚዎቻቸው ከጎናቸው። ሲስተር ፍናን የምትባል አፈ ቀላጤ ነርስ ፊታቸው ቆማ ምን እንደሚጠብቃቸው ታስረዳለች። ሕመሙ ያን ያህል አይደለም። ሲቆረጥ ትሰማላችሁ እንጂ አያማችሁም። ከቆቡ ላይ ትርፉ ቆዳ ይነሳል፣ ስፌቱ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፣ ውሎ ሲያድር ማንም አያየውም። መጀመሪያ ያብጣል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ይብሳል፣ በመስታወት አትደንግጡ። ይጠቁራል፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረግበታል። ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው፣ ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ኩል የለም። ክሩ በሳምንቱ ገደማ ይወጣል። ዓይናችሁ ለጊዜው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ስትተኙም ትንሽ ገርበብ ይላል፤ እንባም ይደርቃል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ይህ ይቆያል፣ አንዳንዱ ላይም አይመለስም።

«ጠዋትና ማታ ዓይናችሁን በጨው ውሃ ታጥባላችሁ» አለች ሲስተር ፍናን።

«ዓይኗን በጨው የታጠበች ሲሉኝ ስድብ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መድኃኒት ኖሯል» አሉ ከኋላ አንዲት ወይዘሮ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሀሴትም ሳቀች።

ነርሷ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ወደ ዋናው ነገር ገባች። ማልቀስ ክልክል ነው። እንባው ብቻውን ባይጎዳም ልቅሶ ያስሻል፣ ያሳብጣል፣ ስፌቱን ያላላል፤ ስፌቱ የተበጠሰ ቆብ ደግሞ ሁለተኛ አይነካም። እንዲያ ሆኖ የቀረ ሰው ዕድሜ ልኩን ከየበሩ ይመለሳል። ስለዚህ ቤቱ በጠና የታመመ ያለው፣ ሐዘን የሚያሰጋው ሰው ካለ አሁኑኑ ይናገር፤ ቀጠሮው ይዛወርለታል።

መዛወር ማለት ከጥር ወዲያ ማለት ነው። መክሊት እህቷን አየቻት። ሀሴት የራሷን ጫማ አየች። እጇን አላነሳችም፤ ሌባ የሆነች ያህል ፈርታለች። መክሊትም የእሷን አላነሳችም።

ቀዶ ጥገናው እንደተባለው ሆነ። ሀሴት ነቅታ ተኝታ የመቀሱን ድምፅ ሰማች፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ የተቃጠለ ነገር ሽታ። ሐኪሙ ከረዳቱ ጋር ስለ ቤት ኪራይ እያወራ አንዴ ክፈቺ፣ አንዴ ግጠሚ ይላታል። በመጨረሻ ቀና አድርገው መስታወት ሰጧት። ከመስታወቱ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴት ደንግጣ ታያታለች። ሐኪሙ በጣም ቆንጆ ሆኗል አላት፤ ሀሴትም አመሰገነችው።

ቤቷ ገብታ ሁለት ትራስ ደርባ ተጋደመች። ቆቧ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋ። የሚቀባው ቅባት ዓይኗን ስለሚጋርደው ነገሩን ሁሉ በጭጋግ ውስጥ ነው የምታየው። ሌሊት ዓይኗ ስለማይገጥም እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ ጣሪያው ከፊቷ አይጠፋም። መክሊት አንድ ቀን ማረፊያው ዘንድ፣ አንድ ቀን እህቷ ዘንድ እየዋለች ወሬ ታመላልሳለች። ዛሬ ሾርባ ቀመሰ። ዛሬ ሳል ነበረው። ዛሬም ሀሴትስ አለኝ፣ ዓይኗን እየታከመች ነው፣ ሲሻላት ትመጣለች አልኩት። ሀሴት እንዲህ ያለውን ወሬ ደጋግማ ታስነግራት ነበር።

ክሩ ከወጣ በኋላ መክሊት ቀረች። ሀሴት ስልክ ብትደውል ጉንፋን ይዞኛል፣ ላንቺ እንዳላጋባ ብዬ ነው አለቻት፤ ድምፅዋም የጉንፋን ነበር። ጎረቤቶችም በዚያው ሰሞን ደጋገሙ፤ ምግብ ያመጡላታል፣ ትንሽ ቁጭ ይሉና ብዙም ሳያወሩ ይነሳሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የድሮ ሰው ቢሆን ከፊታቸው ያነበው ነበር፤ ቅንድብ ሲሰበር፣ ዓይን ሲቀላ፣ ቆብ ሲወርድ አይቶ ምን ሆናችሁ ይል ነበር። ሀሴት ያየችው ግን ሁልጊዜ የምታየውን የነቃ ፊት ነው።

መክሊት ሳምንት ያህል ቆይታ መጣች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ስታወልቀው ቆቧ አብጦ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ሁሉ ተነፋፍቶ ነበር።

«እታለም፣ ምን ሆነሻል?» አለች ሀሴት ከትራሷ ብድግ ብላ።

መክሊት ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደች። ከዚያ መስመሩ ከፍ ብሎ እሷንም በሩ እንደመለሳት፣ ሳትነግራት ሄዳ እንደተከፈተች ተናገረች። ክሩስ የት አለ ስትላት ያሁኑ ክር የለውም፣ በብርሃን ነው የሚያጣብቁት አለቻት።

ሀሴት አመነቻት። ማመን ብቻ አይደለም፣ ደስ አላት። የዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ጎላ ባለ ዓይኗ ስትመሰገን የኖረች፣ በሩ ከሩቅ የሚከፈትላት እህቷ እሷው ዘንድ ወረደች። ዕድሜ ለማንም አያዳላም ብላ አሾፈችባት። ወዲያው አዘነችላትና ለብ ያለ የጨው ውሃ በጥጥ ነክራ፣ የእህቷን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ታጥብላት ጀመር። በቅባቱ ጭጋግ ውስጥ የምታየው የተነፋውን ቆብ ብቻ ነው። ጥጡ ገና ሳይደርስ የመክሊት ጉንጭ ረጥቦ ነበር።

«እያለቀስሽ ነው እንዴ? ተይ፣ ያበላሽብሻል» አለቻት።

«የጨው ውሃው ነው።»

ሀሴት ስለ አባቷ ጠየቀች። አሁን መክሊትም ከተከፈተች ማን እያያቸው ነው? ብቻቸውን አይደሉም ወይ?

መክሊት ይህን መዋሸት አልሆነላትም። እውነቱን በደረቁ ተናገረችው። «አባዬ አርፏል» አለች።

አርፏል። የዚያ ከተማ ሰው ይህን ቃል በቀን ስንቴ ይሰማዋል፤ ከባንኩ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ በር፣ ከትምህርት ቤቱ በር። ይረፉ ሲባል ይታዘዛል፣ አርፌያለሁ ብሎ ይመለሳል። ቃሉ ድሮ የተሸከመው ሌላው ነገር ከላዩ ላይ ተልጦ አልቋል።

«ይረፍ፣ ይረፍ፤ ሳል አድክሞት ይሆናል» አለች ሀሴት ጥጡን እየጨመቀች። «እኔ እስክመጣ ጥሩ አድርጎ ይረፍ።»

መክሊት የእህቷን እጅ ያዘች። ሁለተኛ ልትናገረው አቅም አላገኘችም። ደግሞም ነርሷ ያለችውን አልረሳችም፤ እብጠቱ ገና ነው፣ የስፌቱ ቁስል ገና ነው። አባትየው አንዴ ተቀብረዋል፣ በእንባ አይመለሱም፤ የእህቷ ዓይን ግን ሊተርፍ ይችላል። የእድሩ ሰዎችም ይህንኑ ነበር ያሏት። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፣ ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው፤ ስትሽር እንነግራታለን ብለው ተስማሙ። ማንም ክፉ አላሰበም።

ሀሴት ሻረች። ቢጫው ጠፋ፣ እብጠቱ ወረደ፣ ቆቧ ከብሌኗ በላይ ተጣብቆ ቀረ። ክሊኒኩ ሄዳ ቆጣሪው ፊት ብትቆም አለፈች፤ ሲስተር ፍናን አቅፋ ሳመቻት። መስቀል ገና አልደረሰም። ሀሴት እሽቅድምድሙን የረታች መሰላት። ቅዳሜን ቆረጠች። ለመክሊት ደውላ ቅዳሜ በጠዋት አባዬ ዘንድ እሄዳለሁ ስትላት መክሊት እሺ ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳች። የአጃ አጥሚት አሞቀች፣ በማር አጣፈጠችው፣ ፔርሙዝ ውስጥ ገለበጠችው። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ጫማዋን ስታስር ደጇ ተንኳኳ።

ከፍታ ብታይ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አቤኔዘር ከፊት ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ ነጠላቸውን የተከናነቡ የሰፈሩ ሴቶች፣ በመጨረሻ መክሊት። ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው ያይዋታል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት ደጅ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ድሮ ሕፃን ያውቅ ነበር። ሀሴት ግን በደስታዋ ላይ ነበረች። ቅዳሜ እንደምትሄድ መክሊት ነግራቸው፣ አብረዋት ሊጠይቁ የመጡ መሰላት። ግቡ እንጂ፣ ለምን ተቸገራችሁ፣ ሁላችንንም እንኳ በሩ አንድ ላይ አያስገባንም እያለች ወንበር ታቀርብ ጀመር።

አልተቀመጡም። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ቀረቧት፣ ብትወድቅ ሊይዟት።

«ልጄ» አሉ ጋሽ አቤኔዘር፣ «እግዚአብሔር የሰጠውን እሱ ይወስዳል። አባትሽ አርፈዋል።»

«አውቃለሁ ጋሼ፤ እታለም ነግራኛለች» አለች ሀሴት ፔርሙዙን ከጠረጴዛው አንስታ እያቀፈች። «እንዳልቀሰቅሰው ነው አጥሚቱን በፔርሙዝ ያደረግኩት።»

ሽማግሌው ዞረው መክሊትን አዩ። በሕይወታቸው ብዙ መርዶ አርድተዋል፤ ቃሉን አንዴ ይናገራሉ፣ የቀረውን ሰውየው ራሱ ይጨርስላቸዋል። ሁለተኛ የተናገሩበት ቀን የለም። ያን ሌላውን፣ ለሰው የማይባለውን ቃል አፋቸው እምቢ አላቸው።

«ሞቷል፣ ሀሴት» አለች መክሊት ከኋላ። «አባዬ ሞቷል። ቀብረነዋል።»

ሀሴት ያቀፈችውን ፔርሙዝ አልለቀቀችም። ሴቶቹ ያዟት፤ እሷ ግን አልወደቀችም። እህቷን አየቻት፣ ያበጠው ቆቧ ጎድሎ ያ የእናቷ ዓይን እንደ ጥንቱ ሆኖ ነበር፤ ማንም የነካው አይመስልም፣ ማንም አልነካውምና። ያኔ ያጠበችው ምን እንደነበር ገባት። መክሊት ሳምንት ሙሉ አልቅሳ ነው የመጣችው። እሷ ደግሞ ደስ ብሏት ነበር።

«ነግረሽኝ ነበር» አለች።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ጠይቆኛል?»

መክሊት ሽማግሌዎቹን አለፈችና ፊቷ ቆመች። አባታቸው መጨረሻ ላይ ንግግሩ ይጠፋባቸው እንደነበር፣ በሞቱበት ቀን ግን ጠርተው ሀሴትስ እንዳሏት፣ እሷም እንደ ሁልጊዜው ዓይኗን እየታከመች ነው ብላ በግራ ጆሯቸው እንደጮኸች ነገረቻት። አቶ ይመር ይህን በደንብ ሰምተው ግራ ገብቷቸው ነበር። «ምን ሆነ ዓይኗ? የኔ ዓይን አይደለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም።

ሀሴት ልትጠይቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ልጅ ለአባቱ የሚያደርገውን የመጨረሻውን ነገር።

«ዓይኑን ማን ከደነለት?»

«ማንም» አለች መክሊት። «እጄን ስዘረጋ ተከድኖ አገኘሁት። ቆቡ ከባድ አይደል፤ በራሱ ገጠመ።»

ሀሴት የራሷን ልትገጥም ሞከረች። ወረደ፣ ወረደና መሃል ላይ ቆመ፤ በቀረው ስንጥቅ ሽማግሌዎቹንም፣ ሴቶቹንም፣ እህቷንም እኩል ታያቸዋለች። ዓይኗ እንደ ደረቀ ነው፣ ያቃጥላል እንጂ አይረጥብም። ከሴቶቹ አንዷ ለሌላዋ ዝቅ ብላ «አላለቀሰችም» አለቻት። ከዚያ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በግድግዳው ጥግ ተቀመጡ፤ ልቅሶውን እሷ እንድትጀምርላቸው ይጠብቁ ነበር።